«መጣሁ» ብዬ የወጣሁበት ሌሊት

ሐዋሳ በገባሁ በአራተኛው ሌሊት ነው። የእናቴ ቤት ካርድ ቆጣሪ ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ይጮኻል። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጮኸ። እኔ ገና አልነቃሁም፤ እግሬ ግን ተነስቷል። ስባንን ሳሎን መሃል በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ። የሶፋውን ትልቁን ትራስ በሁለት እጄ ይዤ ልገለብጠው እየታገልኩ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ስድስት ቁጥር ክፍል ያሉትን አባባን ነበር የምፈልገው። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያረፉትም ሜሪላንድ ነው።

ጊዜው የ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ነበር። ከኮሮና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬ የገባሁት ያኔ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ግፊቷን የምታስለካ ጎረቤት አትጠፋም። «ስንቱን አድነሽ መጣሽ!» ይሉኛል፣ ጉንጬን እየሳሙ። ፈገግ እላለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ቧንቧውን እከፍትና እጄን እታጠባለሁ። አንድ ጊዜ ታጥቤ አልተውም። እናቴ ይህንንም ታይ ነበር።

ወደኋላ ልመለስና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ እዚህ የተማርኩት ነርስነት ወዲያው አልሠራልኝም። መጀመሪያ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እያጠብኩ፣ እያለበስኩ፣ እያበላሁ ነው የኖርኩት። ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን አጠናለሁ። በስንት መከራ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈተና አልፌ የነርስነት ፈቃዴን አገኘሁ። ኮሮና ሲመጣ አንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ናይት እሠራ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ድፍን 12 ሰዓት።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ እናቴ በኢሞ ደውላ አለቀሰች። እሷ ለኢትዮጵያ ስትፈራ እኔ ያለሁበት እየነደደ ነበር። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንድጠጣ፣ ፌጦም ፈልጌ እንድይዝ ነገረችኝ። «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኳት ይህንኑ ነው። ስደት ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብር ይላካል፤ ጭንቀት አይላክም።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ በደህናው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ነው የምትይዘው። ያን ጊዜ ሦስትም አራትም የያዝንበት ሌሊት ነበር። አንድ ሺፍት ተጠቅመን እንጥለው የነበረውን ኤን95 ማስክ በወረቀት ከረጢት አድርገን፣ ስማችንን ጽፈንበት፣ ለቀናት ደጋግመን አደረግነው። ወደ ክፍሉ ብዙ እንዳንገባ የመድኃኒት ፓምፖቹን ኮሪደር ላይ አቆምናቸው፤ ረጃጅም ቱቦዎች በበሩ ሥር ያልፋሉ። ሳንባ እንዲከፈት በሽተኛውን በሆዱ እናስተኛለን። አንድ በቬንቲሌተር፣ በመተንፈሻ ማሽን፣ የሚተነፍስ ሰው ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ራሱንና ቱቦውን ይይዛል፣ ሌላው ትከሻውን፣ ሌላው ዳሌውን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይባላል። እናቴ ሳሎን ውስጥ የሶፋ ትራስ ስገለብጥ ያየችኝ ይህንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት 200ኛ ዓመት ነበርና። በዚያው ዓመት ነርሶችን ቀበርን። አብራኝ ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ የአገሯ ነርሶች ሲሞቱ ስማቸውን በደብተር ትጽፍ ነበር። ፊሊፒናውያን ከአሜሪካ ነርሶች 4 በመቶ ያህል ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሞቱት ነርሶች ግን ሲሶ ገደማው እነሱ ነበሩ። ደብተሯን ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። አሁን ይቆጨኛል። አብሬያት ማንበብ ነበረብኝ።

አባባ የምላቸው ሽማግሌ በሽተኛ የገቡት በሰሞነ ሕማማት ነው። ኦክስጅን በአፍንጫቸው በኃይል ይገባላቸዋል፣ እንደ ምንም ያወራሉ። ስልክ ላይ በአስተርጓሚ ሲያናግሯቸው ነበር የደረስኩት። ከማስኩ ሥር አማርኛዬን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

«ሐዋሳ... ዓሣ በልቼባታለሁ፣ በደህናው ዘመን» አሉ። ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ወሰዱ።

ጠያቂ አይገባም። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ጆሯቸው ሥር እይዝላቸዋለሁ። በሦስተኛው ሌሊት እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ ትንሽ ቁጭ በይ» አሉኝ። ጎን ካለው ክፍል አላርም ጮኸ። «መጣሁ፣ አባባ» አልኳቸውና ወጣሁ።

እኛ ስንሄድ ነው «መጣሁ» የምንለው። ለሚቀረው ሰው እንዲቀለው ይመስለኛል።

ጋዋን አውልቄ፣ ሌላ ለብሼ፣ ጎን ያለውን ሰው ከሌሎቹ ጋር ይዤ ስወጣ 40 ደቂቃ ሆኗል። አባባ አርፈዋል። እጃቸው እኔ በተውኩት በኩል፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርግቷል።

ለልጃቸው ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማልዶ ነው የሚነገር። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ በር ላይ ይቆማል፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል። እኔ ሌሊት፣ በስልክ፣ በሦስት ደቂቃ ነገርኩ። እሷ ብቻዋን ቤቷ ውስጥ ጮኸች። እኔ ስልኩን ዘግቼ ሰዓቱን መዘገብኩና ወደ ሌላው ክፍል ገባሁ። አላለቀስኩም። በማስክ ማልቀስ አይመችም፤ መነጽሩ ይጨልማል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ እያልኩ ኖርኩ። ግን አላርም የሚመስል ነገር ሁሉ ያስበረግገኝ ነበር፣ የማይክሮዌቭ ድምፅ ሳይቀር። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ጓደኞቼ ለቡና ሲጠሩኝ ሰበብ እፈልጋለሁ። አማርኛ የሚናገር ሽማግሌ በሽተኛ ከገባ ከሌላ ነርስ ጋር እቀያየራለሁ። ደስታም ሐዘንም ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። «መጣሁ» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። ለማንም የነገርኩት የለም። በእኛ ሰው ዘንድ የአእምሮ ሐኪም ጋ ታየች ከተባለ አበደች ማለት ነውና።

ትራሱን የገለበጥኩ ሌሊት እናቴ ውኃ አጠጣችኝና ሳሎን ቁጭ አልን። ሲነጋጋ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺኮ ከልጅነትሽ ቻይ ነሽ። አባትሽ ሲሞት እንኳ እንግዳ ስታስተናግጂ ነው የዋልሽው። ምን ነካሽ?»

ይህ «ቻይ» የሚሉት ነገር ብዙ አሳስቦኛል።

በማግስቱ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ መጣችና ባጃጅ ይዘን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። እሷ በክፍላችን የታወቀች ፈሪ ነበረች። መርፌ ከመውጋቷ በፊት መጠኑን ሦስት ጊዜ አይታ፣ አራተኛ እኔን ትጠራለች። «ይቺ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወር አትቆይም» ይባል ነበር። ኮሮና ሲመጣ የበሽተኞች ማዕከል መድበዋት እስከ መጨረሻው ሠርታለች።

ዓሣ አዘዝን። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ቆመዋል። ልጆች ዓሣ ይገፍፋሉ። አንድ ሰው አጠገባችን በረኪና ያለበት ውኃ መሬት ላይ ደፋ። ጓደኛዬ ብድግ አለች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች፤ ሽታው እስኪያልፍ ጠበቀች። ተመልሳ ስትቀመጥ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺም?» አልኳት።

«እኔም» አለች።

ከዚያ ዓሣው ቀዘቀዘ። እሷ የኦክስጅን ሲሊንደር መፍቻ ድምፅ ነው የሚያስበረግጋት። እኔ ማሽን በዛብኝ ስል እሷ ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል የጌጁን መርፌ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር። አከራይዋ «ለልጆቼ እፈራለሁ» ብለው ክፍሏን አስለቅቀዋታል። ልጇን ለሦስት ወር በአጥር ቀዳዳ ነው ያየችው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ማዕከሉ ውስጥም እንዲሁ ነበሩ። ሺፍት ሲያልቅ ዛፍ ሥር ተራርቀው ተቀምጠው የዋሉበትን ያወራሉ። እሷ በኋላ ከአንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጋርም ለወራት ተነጋግራለች።

«አንቺስ ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«አሁን ለእኔ ንገሪኝ።» ነገርኳት። «መጣሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባባ አለቀስኩ። ሐዋሳ፣ የዓሣ ገበያ መሃል።

ሜሪላንድ ስመለስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ያለብኝ ፒቲኤስዲ ነው፣ ከአስፈሪ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም። ስሙን የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ሥቃይ ካዩ በኋላ። ያስፈራ ነገር ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ያየሽው ነገር ሳትጠሪው ይመጣል። እሱን የሚያስታውስሽን ሁሉ ትሸሻለሽ። ስለ ራስሽና ስለ ዓለም ያለሽ ሐሳብ ይጨልማል። ሰውነትሽ ደግሞ ሁሌ ዘብ ይቆማል። ሐኪሟ አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ ቤቴ ገብታ ያየችኝ ነው የመሰለኝ።

እናቴ «ቻይ» ያለችውንም አነሳሁላት። የሥነ ልቦና ሰዎች ጠባይን በአምስት ዘርፍ ያዩታል፦ ለጭንቀት ቅርብ መሆን፣ ከሰው ጋር መጫወት፣ ጥንቃቄና ሥርዓት፣ ገርነት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን። ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ። ለጭንቀት ቅርብ የሆነ ሰው ከመከራ በኋላ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ይህ እውነት ነው፣ አልክደውም። ጓደኛዬም ታማለች። ግን ጠባይ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ምን ያህል ሞት እንዳየሽ፣ ማስክ ነበረሽ ወይ፣ ከሥራ ስትወጪ የሚያዳምጥሽ ሰው አለ ወይ፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። ደግሞም እሳት መሃል ያለችን ነርስ «ጭንቀታም ነሽ ወይ?» ብለው መጠይቅ ቢሰጧት ምን ትበል?

የእኔ ነገር ሌላ ነበር። እኔ ጠንቃቃ ነኝ። አንድ ሰነድ ሳልሞላ አልወጣም፣ አንድ መድኃኒት ደቂቃ አላሳልፍም። ይህ ጠባይ በደህናው ጊዜ ሰው ያድናል። ያኔ ግን ትክክል እንዳልሆነ የማውቀውን ነገር በየሌሊቱ እንድሠራ ተገደድኩ። ሰው ብቻውን እንዲሞት መተው የተማርኩት ሙያ አይደለም። ጆናታን ሼይ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም ወታደሮች ጋር ሲሠራ የኅሊና ቁስል ያለው ነገር አለ። ቃሉን ስሰማ ሕመሜን በስሙ የጠራልኝ ሰው ያገኘሁ ያህል ነበር።

ሕክምናው ሲፒቲ ይባላል፣ በንግግርና በጽሑፍ የሚሰጥ ሆኖ 12 ክፍለ ጊዜ ነው። አእምሮ ውስጥ የተቀረቀረችውን ሐሳብ ታወጫትና በወረቀት ትጽፊያታለሽ። የእኔ «ባልወጣ ኖሮ አባባ አይሞቱም ነበር» የምትል ናት። ሐኪሟ አልተከራከረችኝም። «ማስረጃውን ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩ። ኦክስጅናቸው በዚያ ሌሊት ስንት ነበር? ጎን ያለው ሰው ምን ሆነ? እሱ ተርፏል። በሁለት እግሩ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴ የላከችልኝን ጸበልም ጠጣሁ፣ ሕክምናዬንም ጨረስኩ።

አሁን ይህን የምጽፈው እንደገና ሐዋሳ መጥቼ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። እንቅልፌ ደህና ነው። ቆጣሪው ሲጮህ ልቤ ይመታል፣ ግን አልጋዬ ላይ እቀራለሁ። ትናንት ራሴ ሄጄ ካርዱን አስሞላሁት። ስወጣ «ልመለስ ነው፣ እማዬ» አልኳት። ያቺን ቃል እስካሁን አልደፈርኳትም።

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ዛሬ ጠዋት ነው። ቡና እየቆላች ሳለ ጭሱ በዛና ከሰል ልታመጣ ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትነሳ «መጣሁ» ነበር የምትለው። በሩ ላይ ቆም አለች፣ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጓሮ ነኝ፣ ልጄ» አለችኝ። «ከጠራሽኝ እሰማለሁ።»