በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲኒ

እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ነገ ሐሙስ 2018 ይገባል። ዶሮው ተገዝቷል። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ በዓል ነው።

ሌላው ሰው እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሰፈሩ ትዝ ይለዋል። እኔ መጀመሪያ የትኛው ከተማ እንደነበርን ማሰብ አለብኝ። አባባ የአውራ ጎዳና ግሬደር ኦፕሬተር ነበር፤ መንገድ በተበላሸበት ሁሉ እኛም አለን። ድሬዳዋ ተወለድኩ፣ አንደኛ ክፍል ጅማ፣ ሦስተኛ ኮምቦልቻ፣ ስድስተኛ ሻሸመኔ፣ ከዚያ አለም ገና። ዝውውሩ የሚመጣው ክረምት ላይ ስለነበር መስከረም ሲጠባ ትዝ የሚለኝ መሸኛ ነው። የትምህርት ቤት መሸኛ፣ የቀበሌ መሸኛ። የቀበሌው ከጠፋማ ከኅብረት ሱቅ ስኳርም ሳሙናም የለም። ጅማ ስገባ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አቦ» እያልኩ የክፍሉ መሳቂያ ሆንኩ። «አቦ»ን ትቼ ጅማን ስለምድ ደግሞ ተነሡ ተባለ። ዛሬም «ያደግሽው የት ነው?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ «ስንተኛ ክፍል?» እለዋለሁ።

ኮምቦልቻ የገባነው ነሐሴ 1975 ነው። ዕቃው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ እኛ ጋቢና። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሣ ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። እማዬ የሲኒ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከእኔ አብልጣ እሱን አጥብቃ ይዛለች። (ይህን እያነሣሁ ስንት ዓመት አናድጃታለሁ።) ሁለት ሳምንት ሳይሞላን እንቁጣጣሽ ሆነ። የሰፈሩ ሴት ልጆች አበባ አየሽ ሆይ እያሉ ከታች ሲመጡ ይሰማኛል፤ እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ በራፍ ላይ ቆሜያለሁ። ማን ይጥራኝ? ስሜን የሚያውቅ የለ። ጎረቤታችን የነበሩት ትልቅ ሴት የጠዋት ሶላታቸውን ሰግደው ሲወጡ አዩኝ። «አብሽሪ» አሉና ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ጠሩ። «ይቺን ትታችሁ የሄዳችሁ እንደሆን እቤቴ እንዳትመለሱ!» ሦስታችንም ግጥሙን በቅጡ አናውቀውም ነበር። ለምለም የሚለው ጋ ስንደርስ ብቻ ነው ድምፃችን የሚወጣው። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲም ደረሰን።

እትዬ፣ ልጆችዎ ይህን እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። እንኳን አደረሰዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው።

እማዬ ጥር ላይ አረፈች። እዚህ ብዙ አልጻፍኩም፣ አቅምም አልነበረኝም። የአለም ገና ዕድር ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ከጓዳ ሳትወጡ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ወጥ ስትሠሩ፣ እኔን «ብዪ» እያላችሁ ስትቆጡ ነበር፤ አንዳችሁንም በወጉ አላመሰገንኩም። ከሻሸመኔ በሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ሦስት ጡረተኛ ኦፕሬተሮችም እንዲሁ። አንዳችሁ ድንኳኑ ውስጥ ገብታችሁ ለቅሶ ከመድረሳችሁ በፊት የግቢያችንን መግቢያ አይታችሁ «ይሄ መንገድ የውሃ ማፋሰሻ የለውም» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት እሱን ብቻ ነው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሣጥኑን ከፈትነው። አሥራ ሁለት ሲኒ፣ እያንዳንዱ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅልሏል። ቀኑ የሚነበብበትን ቁራጭ ፈለግኩ፤ ነሐሴ 1975። ጅማ ላይ የጠቀለለችውን ኮምቦልቻም ሻሸመኔም አልፈታችውም። አለም ገና ሠላሳ ሰባት ዓመት ስትኖር ቡና ያጠጣችን አፉ በተሸረፈ ሲኒ ነው። አባባ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «መቼ እንደሚያነሡን ምን ይታወቃል?» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ልናገርና ሣጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ተናደድኩባት። ከዚያ ቤቴ ገባሁ። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር የለም።

ዘንድሮ ከፒያሳም፣ ከካዛንቺስም ተነሥታችሁ በማታውቁት ሰፈር በዓል የምትውሉ፣ ከዚያ በከፋ ምክንያት ከቀያችሁ ወጥታችሁ በሰው ቤትና በመጠለያ ያላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ ስል አፌ ይከብደኛል፤ ግን እንኳን አደረሳችሁ። ነባሮቹን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ልጆቻችሁ ከበሮ ይዘው ሲወጡ አዲስ የገባችው ልጅ በራፏ ላይ ቆማ ይሆናል። ስሟን ባታውቁም ጥሯት። አንዳንድ እናት «የማን ልጅ እንደሆነች ሳናውቅ» ስትል ሰምቻለሁ። የማን ብትሆን ምን አገባሽ?

ይህን የምጽፈው አለም ገና፣ አባባ ጋ ሆኜ ነው። ሲኒዎቹን ዛሬ ፈታኋቸው። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው፤ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ወጣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደተሰበረ ኖሯል ማለት ነው። አባባ በከዘራው እየተደገፈ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ወለሉ ጋዜጣ በጋዜጣ ሆኗል። ሰሞኑን ነገር ይጠፋበታል። ጋዜጣውን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣

«ደግሞ የት መደቡኝ?» አለ።

«ኮምቦልቻ» አልኩት፤ ሌላ አልመጣልኝም።

ትንሽ አሰበ። «ጣርማ በር በዚህ ወር ጭጋግ ነው፤ በጊዜ ተነሡ» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቡናው ፈልቶ ነበር፤ በአዲሱ ሲኒ ቀዳሁለት።