በኮሎምበስ አደባባይ «አቢሲኒያ»ን ፍለጋ

ከአክስቴ ጋር በኒው ዮርክ ኮሎምበስ አደባባይ ከምድር ውስጥ ባቡር የወጣነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መሐል አደባባዩ ላይ፣ በረጅም ዓምድ አናት የቆመው የኮሎምበስ ሐውልት ከ1892 ጀምሮ እዚያው አለ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የወጣንበት ጣቢያም በ1904 የተከፈተ ነው። ፍለጋ የመጣሁላት ሴት ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። የሠራችበት ማጀስቲክ ቴአትር ግን በ1954 ፈርሷል። ዛሬ በስፍራው ሁለት የመስታወት ማማዎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የገበያ አዳራሽ አለ፤ ሰው ቡናውን ይዞ ይወጣል ይገባል።

አይዳ ኦቨርተን ዎከር ትባላለች። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906 ምሽት፣ የአድዋ ድል አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እዚህ ቦታ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ተከፈተ። መሪ ተዋናዮቹ ባለቤቷ ጆርጅ ዎከርና የሥራ ጓደኛው በርት ዊሊያምስ ነበሩ፤ የሙዚቃው ደራሲ ዊል ማሪዮን ኩክም እንደ እነርሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በተውኔቱ ታሪክ ሎተሪ የደረሰው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዘመድ ወዳጁን ሰብስቦ ወደ አገራችን ይመጣል። ከመካከላቸው አንዱ በስርቆት ይጠረጠርና እጁ ሊቆረጥ ምኒልክ ፊት ይቀርባል። አዎ፣ ምኒልክ! ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ላይ በዙፋናቸው ተቀምጠው ሳሉ፣ በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ፍርድ ይሰጡ ነበር። አይዳ ሚርያም የምትባል ኢትዮጵያዊት ገበያተኛ ሆና ተጫወተች፤ የተውኔቱን ጭፈራም ያዘጋጀችው እርሷ ናት።

ለምን ይህን ያህል እንደነካኝ ልናገር። በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይ አሜሪካ ውስጥ ወደ መድረክ የሚፈቀድለት ለመሳቂያ ነበር፤ በርት ዊሊያምስ እንኳ ፊቱን ጥላሸት እየተቀባ ነበር የሚጫወተው። በዚህ ተውኔት ግን ኢትዮጵያውያኑ በክብር የሚናገሩ፣ ሕግና ንጉሥ ያላቸው ሰዎች ሆነው ቀረቡ። አንዳንድ ነጭ ሃያሲዎች ደስ አላላቸውም፤ የለመዱትን ቧልት አጡበት። 31 ጊዜ ታይቶ ከማጀስቲክ ወረደ።

አክስቴ ኒው ዮርክ ከገባች 30 ዓመት አልፏታል። ሕንጻውን ሽቅብ እያየች፣ «ስንት ጊዜ በዚህ አለፍኩ ልጄ! አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም» አለች። የመታሰቢያ ጽሑፍ ይኖር እንደሆነ ብለን ሕንጻውን ዞርን። ዓይናችን ምንም አላገኘም።

ከዚያ ባቡር ይዘን በጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያነቱ ወደሚታወቀው ሃርለም ሄድን፣ 135ኛ ጎዳና። ከጣቢያው እንደወጡ የሾምበርግ የጥቁር ባህል ጥናት ማዕከል ነው። መግቢያው አጠገብ ወለሉ ላይ የተሠራ ክብ ቅርጽ አለ፤ የገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ አመድ ከሥሩ አርፏል። አክስቴ ጫማዋን ሰብሰብ አድርጋ በዳር በኩል አለፈች።

የአይዳን ፎቶግራፍ ያየሁት በኮምፒውተር ነው። ከባለቤቷና ከዊሊያምስ ጋር ኬክ ዎክ ስትጨፍር የተነሣችው ነው። ይህን ጭፈራ ባሪያ ተደርገው የኖሩት አያቶቻቸው በጌቶቻቸው የኩራት አካሄድ ለመቀለድ የፈጠሩት ነው፤ ለአሸናፊ ጥንዶች ኬክ ይሸለም ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ። ምስሉን አጎላሁት። ወገቧ ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ አገጯ ቀና ብሏል። በ1903 «ኢን ዳሆሜ» በተባለው ተውኔታቸው ለንደን ሄደው በቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተጫወቱት በዚሁ ጭፈራ ነው። የለንደን ባላባቶችም ጭፈራውን ከእርሷ ተምረዋል።

ስለ ሥራዋም ትጽፍና ትናገር ነበር። በ1905 ባወጣችው ጽሑፍ የመድረክ ሥራ የተከበረ ሙያ መሆኑን ለገዛ ወገኖቿ ተከራክራለች። በዓመቱ ደግሞ ለጋዜጣ ስትናገር፣ ጥቁር ተዋናይ አንዲት ዜማ ሲያዜም፣ አዲስ ከተማ ሲገባ፣ መንገድ ላይ ሲራመድ እንኳ ነጩን ተመልካች እንዳያስቀይም ምን ያህል አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት ዘረዘረች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ፎቶግራፉ ተመለስኩ። ያ ቀና ያለ አገጭ ስንት ጊዜ ታስቦበት ይሆን!

በ1909 ጆርጅ ታመመና መድረክ መውጣት አቃተው። አይዳ የእርሱን ኮትና ሱሪ ለብሳ፣ የእርሱን ዘፈን ራሷ ዘፈነችው። በ1911 ሞተ። እርሷም ከዚያ በኋላ በራሷ ስም እየሠራች ቆይታ በኦክቶበር 1914 በኩላሊት ሕመም አረፈች። ገና 34 ዓመቷ ነበር።

ስንወጣ መሽቷል። ባቡሩን ስንጠብቅ አክስቴ ከቦርሳዋ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች፤ የገበያ ዝርዝሯን የምትይዝበት ናት።

«ስሟን እንደገና በለኝ እስቲ።»

«አይዳ። ስትወለድ ስሟ አዳ ነበር፤ በኋላ ነው አይዳ ያለችው።»

«አይዳማ የእኛው ስም ነው» አለችና ከሽንኩርትና ከዘይቱ በታች በፊደል ጻፈችው፤ ቀጥላም «አቢሲኒያ፣ 1906»። ባቡሩ መጣ።