የበር ደወል ያለው ኮምፒውተር

የአክስቴ የዋንዛ ብፌ አርጅቶ ሲፈርስ ሁለቱን በሮች እኔ ወሰድኩ። «ለምንህ ነው?» አለችኝ። «ለኮምፒውተር» አልኳት። ኮምፒውተር የማስቀምጥበት መስሏት ጠረጴዛም ጨምራ ልትሰጠኝ ነበር።

እኔ ግን ኬዝ ልሠራበት ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ)፣ ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያድለው)፣ ሁሉም ነገር የሚታጨቅበትን ሣጥን። ቀን ቀን የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ማታ ሰጌቶና ሞረድ ይዤ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። እስካሁን አራት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ዛሬ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል፤ ስለ እሱ ባናወራ ይሻላል።

የሰፈራችን አናጺ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በሮቹን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉት። «ይሄ የድሮ ነው። ደርቆ ያለቀለት ነው፣ ከእንግዲህ አይጣመምም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ያ ዕቃህ ይሞቃል አላልከኝም? እንጨት እኮ ሙቀት ያፍናል» አሉ። ጋሼ ኮምፒውተር ከፍተው አይተው አያውቁም። እኔ ግን «አይ፣ ፋን አለው፣ ማራገቢያ» ብዬ አለፍኩት።

በነገራችን ላይ እንጨት ስል የሚስቁብኝ አሉ። የመጀመሪያው የአፕል ኮምፒውተር እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ሲሸጥ ኬዝ አልነበረውም። የሚሸጠው ቦርዱ ብቻ ነበር። ከገዢዎቹም አንዳንዶቹ የእንጨት ሣጥን አሠርተውለታል። ስለዚህ እኔ የጀመርኩት አዲስ ነገር የለም።

ማዘርቦርዴ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሹ ልክ ነው፤ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር። ትልቁ ኤቲኤክስ 30.5 በ24.4 ስለሆነ ለእሱ የሚበቃ እንጨት አልነበረኝም። ሥሩ የማነጥፈውን ላሜራ ከምናለሽ ተራ አመጣሁ። ያስቸገረኝ ብሎኑ ነው። የኬዝ ብሎኖች አብዛኞቹ በአሜሪካኖቹ ልክ የተጠረቡ ናቸው። እኛ ጋ በየሱቁ የሚገኘው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ሲያዩት ያው ይመስላል። ስታስገባው ግን ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይጠብቅም። አሁን የተበላሸ ኬዝ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈታው ብሎኖቹንና ማዘርቦርዱ የሚቆምባቸውን የነሐስ እግሮች ነው። አንድ ጣሳ ሙሉ አለኝ። እማዬ «ወርቅ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ሁሉም ተገጣጠመ። በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ጊዜ አሸሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። የቀረኝ ማብሪያው ነበር። ለዋንዛ የሚመጥን ነገር ፈልጌ፣ የድሮ የመብራት ማብሪያ ገጠምኩለት፤ ቀጭ የሚለውን፣ ክቡን። በጣም ያምራል።

ቀጭ አደረግኩት። ፋኑ ዞረ። ደስ ብሎኝ እጄን ሳላነሳ ድርግም አለ።

እንደገና ቀጭ። ዞረ፣ ጠፋ። ፓወር ሰፕላዩ ሞተ ብዬ ከጓደኛዬ ሌላ ተዋስኩ። ያው ነው። ራሙን፣ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ነቅዬ መለስኩ። ያው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ የማብሪያውን ሽቦ ነቀልኩና ሽቦው የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረግኳቸው። ተነሳ። ቆየሁ፣ ቆየሁ፤ አልጠፋም።

ያኔ ነው የገባኝ። የኮምፒውተር ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ራሱ አያበራም፣ አያጠፋም። ለማዘርቦርዱ «ተነስ» ብሎ ይነካካዋል፣ በቃ። ወዲያው መልቀቅ አለበት። የመብራት ማብሪያ ግን እንደተጫነ ነው የሚቀረው። ማዘርቦርዱ ደግሞ አራት ሰከንድ ያህል ተጭነህ ስትቆይ «ሰውየው በግድ ሊያጠፋኝ ነው» ብሎ ይጠፋል። ይሄ የኤቲኤክስ አሠራር ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ኮምፒውተሮች ቢሆን የእኔ ማብሪያ ይሠራ ነበር፤ እነሱ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ነበር የሚቆርጡት። የሠላሳ ዓመት ስህተት ነው የሠራሁት።

የሚለቅ ማብሪያ ፍለጋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ የበር ደወል መጥሪያ አወጣልኝ። መሃሉ ላይ ትንሽ የደወል ሥዕል አለው። ሲጫኑት ይገናኛል፣ ሲለቁት ይለያያል። የምፈልገው እሱን ነበር።

ከዚያ የጋሼ ነገር መጣ። ያቀናበርኩትን አንድ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት ስጀምር ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ 94 ዲግሪ ገባ። የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ ፍጥነቱም ያው፤ የሚገፋው አየር ግን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፊት ለፊቱ ላይ አቧራ እንዳይገባ ብዬ የዱቄት ወንፊት ወጥሬበት ነበር። እማዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ወንፊቴ የት ገባ?» ስትል ድምፄን አጥፍቻለሁ። ወንፊቱን ባነሳው 87 ሆነ። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ቡና ሲፈላ ነው። ዕጣን ማጨሻውን አንስቼ ኬዙ ፊት ያዝኩት። ጭሱ በፊት ለፊቱ ቀዳዳ ገባ፤ ይሄ ጥሩ ነው። በጀርባው ወጣ፣ ግድግዳውን መታ፣ ከዚያ በጎኑ ተጠምዝዞ ተመልሶ በፊት ለፊቱ ገባ። ኮምፒውተሬ የገዛ ትንፋሹን እየማገ ነበር። እማዬ «ለኮምፒውተርም ይታጠንለት ጀመር?» አለችና ማጨሻዋን ተቀበለችኝ። ወንፊቷንም ያየችው ያኔ ነው።

ክዳኑን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ምንም አላሉኝም፤ ሳቅ ብቻ አሉ። 12 ሳንቲ ሜትር ክብ በላይኛው በኩል ቆረጡልኝ፣ ፋኑንም ወደዚያ አዞርኩት። የሞቀ አየር ድሮም መውጣት የሚፈልገው ወደ ላይ ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳ ከመሃል እስከ መሃል 10.5 ሳንቲ ሜትር ብዬ ስነግራቸው በወረቀት ላይ ለክተው፣ አንዴ ብቻ በሱ። አንዱም አልተዛነፈም። እኔ ብሆን አራቱን ቀዳዳ ስምንት አደርገው ነበር። አሁን ረጅም ቪዲዮ ሳወጣ 76 ላይ ይቆማል። ለአቧራው ቀዳዳው ሰፋ ያለ መረብ ገጠምኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ በብሩሽ እጠርገዋለሁ። ለእማዬም አዲስ ወንፊት ገዛሁላት።

አንድ ችግር ቀርቷል። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፣ ደወሉን ይወደዋል። አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ መጥቶ ተጫነውና ሦስት ሰዓት የፈጀ ሥራ አጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ማብሪያው ሲነካ ምንም እንዳያደርግ አዝዤዋለሁ።

እሱ አሁንም ይመጣል። ይጫናል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ «ሰው የለም» ይለኝና ይሄዳል።