ሮለር ቀስ ስለሚል አይገድልም ያላችሁ ማነው?

መሬት የሚያስተካክለው ግሬደር ካልሆነ ሮለር (በከባድ የብረት ድራም አፈር የሚጠቀጥቀው ማሽን) ምን ስራ ነው፣ ወደፊት ወደኋላ ማለት ብቻ አደል እንዴ የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል፣ ስለዚ እንዴት እንደጀመርኩና ምን እንደተማርኩ ልጻፍላችሁ፣ ከረዘመባችሁ ታገሱኝ።

አዳማ ነው የጀመርኩት፣ ወደ ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲሰራ ረዳት ሆኜ፣ ግራሶ (ወፍራሙን የማሽን ቅባት) ማድረግ ናፍጣ መሙላት አቧራ መጥረግ (አዳማን የሚያውቅ የአቧራውን ነገር ያውቀዋል፣ ጠዋት በውሃ መኪና ያጠጣነውን ሰብቤዝ የሚባለውን የመንገዱን የታች ንጣፍ ነፋሱ ምሳ ሳይደርስ ያደርቀዋል)። ኦፕሬተሩ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ብዙ አያወሩም ግን ዙሪያውን ሳይዞሩ ማሽን ላይ ሲወጡ አይቼ አላውቅም። የልዩ ተንቀሳቃሽ መሳሪያ መንጃ ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላም መሪ ቶሎ አልሰጡኝም፣ መጀመሪያ ዞረህ ያየኸውን ንገረኝ ይሉኛል፣ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ፣ ጎማው እንዴት ነው፣ ክላክሱና የኋላ ማርሹ ጩኸት ይሰራል ወይ፣ ስሩ የተኛ ሰው አለ ወይ። የመጨረሻውን ሲጠይቁኝ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። በዛ ፀሐይ ጥላ ያለው ማሽኑ ስር ነው፣ የቀን ሰራተኛው ምሳውን በልቶ የት ሄዶ ጋደም ይበል?

ከዛ ወገቡ አለ። ያፈር ሮለር መሪ ስታዞር ጎማው አደለም የሚታጠፈው፣ ማሽኑ ራሱ ነው መሀሉ ላይ የሚታጠፈው። ሞተሩ ተነስቶ መሪው ሲዞር እዛ መሀል የተገኘ ሰው የሚተርፍበት ክፍተት የለም፣ ግራሶ የሚደረገው ደሞ እዛው ነው፣ ስለዚ የወገቡ መቆለፊያ ሳይገባና የሞተሩ ቁልፍ እኔ ኪስ ሳይሆን ረዳቴን እዛ አላስገባም። ስራ ሲጀመር መቆለፊያውን ማውጣት እንዳትረሱ፣ አለዚያ መሪ የላችሁም።

መታጠፉ ሌላም ጣጣ አለው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱን ነው። ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኝህ ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) ከሆነ ከጠርዝ ልሽሽ ብለህ መሪ ስትሰብር ራስህን ወደ ዲቹ እየገፋህ ነው ማለት ነው። ጠርዙ ሲከዳህ በመጣህበት መስመር ቀጥ ብለህ ቀስ ብለህ መውጣት ነው ያለው።

ጠርዝ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሮለር የሚገለበጠው በብዛት እዛ ነው። ሙሌት፣ መንገዱን ከፍ ለማድረግ የሚሞላው አፈር፣ ላይኛው ፊቱ ደልዳላ ይመስላል ግን ዳር ዳሩን የደገፈው ነገር የለም፣ የአዳማ አፈር ደሞ አመድ የበዛበት ስለሆነ ደርቆ ሲፈርስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የጋሼ ህግ ከድራሙ ስፋት ሶስት እጅ ሁለቱ እጅ የጠነከረ መሬት ላይ ይሁን የሚል ነበር፣ በኋላ የማሽን መመሪያ ላይም አንብቤዋለሁ ያው ራሱ ነው። ሰርቬየሩ (ለኪው) ጠርዙ በደንብ አልተጠቀጠቀም ይላል፣ ፎርማኑ ለላብራቶሪ ፍተሻ ዛሬ ይድረስልኝ ይላል፣ እኔ ደሞ ሙሌቱን ሰፋ አድርጋችሁ ሙሉና ትርፉን በኋላ ቁረጡት እላለሁ፣ ይጨቃጨቁኛል፣ ይጨቃጨቁ።

ቀበቶውስ? ከላይ ያለው ብረት ስትገለበጥ እንዳይጨፈልቅህ ነው የተሰራው፣ ግን የሚያድንህ ወንበርህ ላይ ከቆየህ ብቻ ነው። ሰው ደንግጦ ይዘላል፣ ያው ብረት ይወድቅበታል። አንድ ጓደኛዬ ሌላ ሳይት ላይ ማሽኑ ተገልብጦበት በቀበቶ ተንጠልጥሎ ነው የተገኘው፣ ትከሻው ከመጫጫሩ በስተቀር ደህና ነበር፣ እዛ ሳይት ላይ ከዛ ወዲህ ቀበቶ ይሞቃል የሚል የለም።

ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት ቀጥ ብሎ መውረድ ነው፣ አግድም መሄድና እዛው መዞር የለም፣ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ደሞ ጭራሽ አይታሰብም። ፍጥነት በሰዓት ከ3 እስከ 6 ኪሎሜትር ይበቃል፣ ከዛ በላይ አፈሩም በደንብ አይጠቀጠቅም። ቫይብሬሽን (የድራሙ መንቀጥቀጥ) ቆሞ አይሰራም፣ እየሄድክ ታበራለህ ከመቆምህ በፊት ታጠፋለህ። ጭቃ ቤት አጠገብ ወይ የውሃ ቧንቧ ያለበት ሰፈር ከሆነ እኔ አጥፍቼ ነው የማልፈው፣ ምልልሱ ይበዛል ግን ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብለው እናቶች ከሚመጡብኝ ይሻላል፣ እውነታቸውን ነው ደሞ።

ከተማ ውስጥ ግን ከምንም በላይ የሚያስቸግረው ሰው ነው። ማሽኑ ቀስ ስለሚል ማንም አይፈራውም፣ ባጃጁ በእስፖኪዮ ሳላየው በኋላዬ ሹልክ ይላል፣ ጋሪ ይመጣል፣ ልጆች ድራሙ ድንጋይ ሲፈጭ ለማየት ይጠጋሉ። ስራዬ ግማሹ ወደኋላ መሄድ ነው፣ በእስፖኪዮ ብቻ አላምንም፣ አንገቴን አዙሬ አያለሁ፣ ሰውና መኪና የሚያስቆምልኝ ባንዲራ የያዘው ልጅ ከአይኔ ከተሰወረ እቆማለሁ። ባንዲራ የሚይዘው ልጅ ስልክ የሚነካካ ከሆነ ፎርማኑን ቀይርልኝ እለዋለሁ፣ በዚህ ነገር ይሉኝታ የለኝም።

ማሽኑን ሎቤድ (ማሽን የሚያጓጉዘው ዝቅ ያለ ተጎታች) ላይ ማውጣትን ማንም አይነግራችሁም። ድራሙ ብረት ነው መወጣጫውም ብረት ነው፣ ጭቃ ወይ ዘይት ወይ ውሃ ካለ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ድራሙን እጠርጋለሁ፣ መወጣጫው ላይ እንጨት አስደርጋለሁ፣ መሪ ቀድሜ አስተካክዬ ቀጥ ብዬ እወጣለሁ፣ ዳር ላይ ሰው አላስቆምም። ዝናብ ከጣለ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ የሎቤዱ ሹፌር መሸብኝ ብሎ ቢነጫነጭም ቡና ጠጣ ብዬ እልከዋለሁ።