መጽሐፉ 60 ይላል

ፓይተን ለተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለጀማሪዎች የሚሆን መማሪያ በአማርኛ አዘጋጅተን ስናሳትም ኮዱን የመፈተሽ ኃላፊነት የእኔ ነበር። እያንዳንዱን ምሳሌ በየፋይሉ አስቀምጬ አንድ በአንድ አስኬድኩት፤ ሁሉም ትክክል ነበር። በሙሉ ልብ ፈርሜ ለገጽ ቅንብር አስረከብኩ።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ መጽሐፉንና ላፕቶፗን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ መልሱ 60 ነው ይላል፤ እኔ ጋ 10 ነው የሚያወጣው። ሦስቴ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ምኑን እንደሳትኩ አልገባኝም።»

10ን፣ 20ን እና 30ን የሚደምር ትንሽ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ነው። የጻፈችውን ከመጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩት፤ ምንም አላጎደለችም። የተሳሳተው መጽሐፉ ነበር። ሪተርን የሚለው፣ መልሱን ሰጥቶ ፈንክሽኑን የሚያበቃው መስመር፣ ቁጥሮቹን በየተራ እየደጋገመ ከሚደምረው ከፎር ሉፑ ውጭ፣ አራት ስፔስ ብቻ ገባ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ገጹን ያቀናበረው ልጅ ከበላዩ ካለው መስመር ጋር እኩል እንዲሆንለት ወደ ስምንት ገፍቶታል። ለዓይን ያምራል። ፓይተን ግን የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንዳለ የሚለየው በዚሁ ክፍተት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደደመረ 10ን መልሶ ሥራውን ያቆማል። ስሕተት አለ የሚል መልእክትም አያወጣም።

ጨርሶ እምቢ ቢል ይሻል ነበር። ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት በማይክሮሶፍት ወርድ ተጠማዞ ሲታተም እንኳ ፓይተን ወዲያው መስመሩን ጠቅሶ ይናገራል። ይሄኛው ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ጀማሪ ደግሞ መጽሐፍ ይሳሳታል ብሎ አይጠረጥርም፣ የሚወቅሰው ራሱን ነው። ያቺ ልጅ ሦስቴ ስትጽፍ ያመሸችበት ሰዓት እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ፋይሉን እንጂ ገጹን አልፈተሽኩም። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዶክቴስት ምሳሌን አስኬዶ የወጣውን መልስ ከተጻፈው ጋር ያመሳክራል፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን እሱም የሚያነበው ፋይል ነው። ለሁለተኛው እትም የመጨረሻውን ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት የሚታረመውን ወረቀት) ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ኮዱን ከወረቀቱ እያየን ልክ እንደ ተማሪ በእጃችን ጻፍነው። ከፒዲኤፍ ኮፒ ማድረግን ከለከልኩ፤ ስፔሱ እዚያም ይዛባል።

ባልተሸጡት ኮፒዎች ላይ ማረሚያ ወረቀት ለጠፍን። የእሷንም ልለጥፍላት ስል ገጹን ገልጣ አሳየችኝ። መስመሩን ወደ ግራ የሚስብ ቀስት በእርሳስ ሠርታ፣ ከጎኑ «4» ብላ ጽፋበታለች።