ሪፖርቱ ለምን ቀረ?

የምሠራው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ክፍል ነው። ገጠር የሚያገለግሉ ወንጌላውያን ወርሃዊ ድጋፍ በእኔ እጅ ያልፋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ሪፖርት ካልገባ ክፍያ አይወጣም። ደንቡ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ገንዘቡ የምእመናን አሥራትና መባ ነው፣ ኦዲተር ሲመጣም እያንዳንዱን ብር በወረቀት ማሳየት አለብን። በዚህ ዛሬም አምናለሁ።

አንድ ወንጌላዊ ግን ለሦስት ወር ሪፖርት ሳይልክ ቀረ። ድጋፉ ተያዘ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፣ መልስ የለም። ጉዳዩ ለስብሰባ ሲቀርብ የስንብት ደብዳቤው ተረቆ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። የክፍሉ ኃላፊ አስረዳ። ቀኑም ደንቡም ልክ ነው፣ ማንም የሚከራከርበት ነገር አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው "ለመሆኑ የደወለለት ሰው አለ?" አሉ።

ዝም አልን። የተላከው ደብዳቤ ነው።

"በሉ እዚሁ ደውሉለት፣ ሁላችንም እንስማው።"

ኃላፊው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ሰውየው አነሳና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሪፖርቱ ዘግይቶብኛል፣ በዚህ ሳምንት እልካለሁ" ማለት ጀመረ። ስለ ራሱ አንድም ነገር አልተናገረም። ከበስተኋላው ግን ጫጫታ ይሰማል፣ በመሃል አንዲት ሴት ጮክ ብላ "የአልጋ 14 አስታማሚ! አስታማሚ የለም?" ስትል ሁላችንም ሰማን። እሱም ከስልኩ ዞር ብሎ "አለሁ ሲስተር፣ አለሁ" አለ።

ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "አንተ ልጅ፣ የት ነው ያለኸው?"

ለካስ ባለቤቱ ከወሊድ በኋላ ታማ ሪፈራል ተጽፎላት፣ እሷን እያስታመመ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያድራል። ደብዳቤውን አላየውም። ድጋፉ መቆሙን ግን ያውቃል፣ ለመድኃኒት ብሎ የነበረችውን ላም ሸጧል። ለምን አልነገርከንም ሲባል "ቢሮውን ላለማስቸገር ብዬ ነው" አለ። አንጀቴን የበላኝ ይህ ነው። ወንድሞች አሉኝ ብሎ ሳይሆን ቢሮ አለ ብሎ ነው የሚያስበን።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ የወጣትነታቸውን ዘመን አነሱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ፣ ምእመናኑም ተከፋፍለው በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ጀመር። ጋሼ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። "ሰው ከቀረ በዚያው ቀን ቤቱ እንሄዳለን። ታስሮ ይሁን ታሞ እናጣራለን። ምን ማኅተም አለንና ደብዳቤ እንጻፍ?" አሉ። ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆና ወጣች። ይህን ቁጥር ስብከት ላይ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ እንዴት እንደተቻለ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ኃላፊው ክፋት የለበትም፤ "ታዲያ ኦዲት ላይ ምን ልንል ነው?" ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስቡት። ሰባቱ ሰዎች የተመረጡት በየዕለቱ ከሚታደለው መበለቶች ስለተረሱ ነው። አሠራር የተዘረጋው ማንም እንዳይረሳ ነበር፣ እኛ ጋ ግን ሰውየውን ያስረሳን አሠራሩ ራሱ ሆነ።

የተያዘው ድጋፍ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በባንክ ገባለት። በዚያ ከተማ ያለችው አጥቢያ እህቶችም ምግብ ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ደንቡ አልተሻረም፣ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረበት። ክፍያ ከመያዙ በፊት ይደወላል፣ ካልተገኘ በአቅራቢያው ያለ ሰው ሄዶ ያየዋል፣ የጠየቀው ሰው ስምም በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ይሰፍራል። ያ ስም ከሌለ የማንንም ክፍያ አልይዝም። ኦዲተሩ ሲመጣ ጠየቀን፣ ቃለ ጉባኤውን አሳየነው፣ ተቀበለው።

ባለቤቱ ድና ቤቷ ገባች። የሦስት ወሩም ሪፖርት አንድ ላይ ደረሰን። "የተጎበኙ ሰዎች" በሚለው ቦታ አብረዋቸው የተኙ በሽተኞችን ነው የጻፈው፤ ከማን ጋር እንደጸለየ፣ ለማን ውኃ እንደቀዳ።

አሁን በየወሩ የሚደውለው ኃላፊው ራሱ ነው። ክፍያው አንድ ቀን ይዘገይ ይሆናል እንጂ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ እናውቃለን።