ኮላሩን አውልቄ ጀሪካን ያነሳሁበት ዓመት

በንባብ ብዛት አንገቴን ባመመኝ ጊዜ የተሰጠኝ ምክር ሦስት ነበር፦ አርፊ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ሦስቱንም ሳላጓድል ፈጸምኩ፤ ሕመሙ ግን ባሰብኝ። የተሻለኝ ተቃራኒውን ማድረግ ስጀምር ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው በጊዜው ባገኝ ኖሮ የመጨረሻው ዓመት ትምህርቴ በሥቃይ አያልፍም ነበር።

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚፈተን፣ የአራት ዓመቱን ትምህርት እንደገና ከሥር መከለስ ግድ ነው። ማስታወሻው ሁሉ የሚመጣው በቴሌግራም ስለሆነ የሚነበበው በስልክ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ገና ሳይነጋ ይያዛል። ለእኔ የሚቀረኝ የዶርሙ ተደራራቢ አልጋ፣ ያውም የታችኛው ነበር፤ የላይኛው አልጋ ብረት አናት ስለሚነካ ጎንበስ ሳይሉ መቀመጥ አይቻልም። ሕመሙ ከማጅራቴ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ይወርድ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት ይሆናል።

ቀላሎቹን ነገሮች ወዲያው አደረግኩ። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን በሁለቱም ትከሻዎቼ ያዝኩ፣ ትራስ መደረብ ተውኩ። ሕመሙን ትንሽ አቀለሉት፤ አልነቀሉትም።

ከዚያ ወደ ሕክምናው ሄድኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ነገር የተጀመረውም እዚያ ነው። የካምፓሱ ክሊኒክ ዲክሎፈናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጻፈልኝ። ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ፤ እኔም ተመለስኩ፤ ያንኑ ክኒን ጻፉልኝ። ሪፈር ወረቀት የተሰጠኝ ደጅ ጠንቼ ነው። ሆስፒታሉ ስደርስ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ረጅም ሰልፍ ጠበቀኝ። የራጅ ማሽኑ ተበላሽቷል ስለተባለም ከኪሴ ከፍዬ ውጭ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየና «የአንገትሽ አጥንት ተፈጥሯዊ ጉብጠቱን አጥቷል፤ ቀጥ ብሏል» አለኝ።

«ምን ይሻለኛል፣ ዶክተር?»

«ኮላር አድርጊ። ዕቃ አታንሺ። ንባብም ቀንሺ።»

ለመውጫ ፈተና የምትዘጋጅን ልጅ ንባብ ቀንሺ! አንገቴን በእጁ አልነካም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዙሪ አላለኝም። ጣቶቼ ይደነዝዙ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ የእጄንም ጉልበት አልፈተሸም። ቀጣዩ ታካሚ ተጠርቶ ገባ፤ እኔም አንገቴ የተሰበረ መስሎኝ ወጣሁ። የአንገት አጥንት ጉብጠት መቀነስ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ራጅ ላይም እንደሚታይ፣ ፊልሙ ሲነሣ አገጭ ከተቀመጠበት ሁኔታ ጋር እንኳ እንደሚለዋወጥ ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ሳይነገረኝ ስለቀረ ለሳምንታት አንገቴን ለማዞር ፈርቼ ኖርኩ።

ኮላሩ፣ አንገት ላይ የሚታሰረው የስፖንጅ መደገፊያ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይላል፤ ጭንቅላትን ስለሚሸከም ዕረፍት ይሰጣል። ችግሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስፖንጁ ከአገጬ በታች ወይቦ ይሸት ጀመር፤ የነካው ቆዳ ሁሉ ቀልቶ ያሳክከኛል። ከዚህ የከፋው ግን ሳወልቀው ነበር። ፊቴን ለመታጠብ ጎንበስ ስል ጭንቅላቴ ይከብደኛል፤ አንገቴ እየተንቀጠቀጠ በእጄ እደግፈዋለሁ። የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያንን ቀኑን ሙሉ ይሸከሙ የነበሩ ጡንቻዎች ሥራ ሲያጡ ይሰንፋሉ። ዕቃ አታንሺ ስለተባልኩም ውሃዬን የሚቀዱልኝ የዶርም ጓደኞቼ ሆኑ። እኛ ሕንፃ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለነበር ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል፤ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። አንዳቸውም አላጉረመረሙም። እኔን ግን አንገበገበኝ።

ፊዚዮቴራፒ የሚባል፣ በእንቅስቃሴ የሚያክም ክፍል በዚያው ሆስፒታል ግቢ፣ ካርድ ካወጣሁበት መስኮት ጀርባ ነበር። ማንም አልነገረኝም። የደረስኩበትም በአጋጣሚ ነው፤ የጓደኛዬ አክስት በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው እዚያ ይመላለሱ ስለነበር ልደግፋቸው አብሬ ሄድኩ። ባለሙያው እሳቸውን ሲያሠሩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? የመኪና አደጋ ነው?»

«አይደለም፤ በንባብ ነው።»

«ታዲያ ኮላሩ ምን ያደርግልሻል? ነይ እስቲ፣ ተኚ።»

አንገቴን በጣቶቻቸው ዳሰሱ፣ አዞሩ፣ ክንዶቼን እየገፉ ጉልበቴን ፈተሹ። ነርቭሽ ደህና ነው አሉኝ። ኮላሩን እንዳወልቅና ጡንቻውን እንዳሠራው ነገሩኝ። በዚያ ሁሉ ምልልስ አንገቴን በእጃቸው የነኩ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። በጀርባ ተኝቶ፣ ከአናት ሥር የታጠፈ ፎጣ ብቻ አድርጎ፣ «አዎ» ብሎ እንደሚነቀንቅ ሰው አገጭን በቀስታ ወደ ጉሮሮ መሳብ ነው። ጭንቅላት ከፎጣው አይነሣም። አሥር ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መድገም። ዋናው ነገር በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ወፋፍራም ጡንቻዎች እንዳይገተሩ ነው፤ ሁለት ጣት አሳርፈሽ ለስላሳ መሆናቸውን ትፈትሻለሽ። እነርሱ ከተገተሩ፣ መሥራት ያለባቸው ከአከርካሪው ፊት ለፊት ተጣብቀው ያሉት ጥልቅ ጡንቻዎች ሥራውን ለሌላ አሳልፈዋል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ገና በአራተኛው ሰከንድ አገጬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክብደት ነው። ከጎሚስታ የተጣለ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አምጥቼ በአልጋው ብረት ላይ አሰርኩ፤ ክርኔን ወደ ኋላ እየሳብኩ በትከሻዎቼ መካከል ያለውን ጀርባዬን አሠራለሁ። በሁለት እጄ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዤ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ከፍ፣ ከዚያ በቀስታ ዝቅ አደርጋለሁ። ጀሪካን ከብረት ይሻላል የምለው በምክንያት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በሁለት ሊትር ጀምሮ ሲለመድ በግማሽ በግማሽ ሊትር መጨመር ይቻላል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ጡንቻው ይዝላል፣ ያማል። ያ ሕመም ከለመድኩት የተለየ ነበር፤ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይለቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ያቆማል። በእኔ እምነት ማቆም የለበትም፤ ውሃውን ቀነስ አድርጎ መቀጠል ነው።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ያለባቸውን 180 የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ አንገታቸውን በክብደትና በላስቲክ ያሠሩት ከማፍታታት በላይ ጥቅም እንዳገኙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ ላስቲክ መሳብ እንኳ የአንገትና የትከሻ ሕመምን እንደሚቀንስ አገኘ። ሁለቱም የተሠሩት በቢሮ ሠራተኞች ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀትና ስክሪን ላይ የሚያቀረቅር ተማሪ ግን ከእነርሱ የሚለየው በደመወዙ ነው።

ስለ አቀማመጥ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል። እንቅስቃሴውን ስጀምር የዶርም ጓደኛዬ ከጎን ፎቶ አነሣችኝ፤ ሕመሙ ከለቀቀኝ በኋላም ደገመችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንገቴ ወደፊት ያለው አወጣጥ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው ለሰዓታት መሸከም መቻሉ ነው። ስለዚህ «ቀጥ በይ» የሚለው ምክር ብቻውን ባዶ ነው፤ እንደ ዘብ ተገትሮ መቀመጥም ያው ያደክማል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ አቀማመጥ መቀየር ይበልጣል። ስልክ ላይ ማቀርቀር አንገት ላይ 27 ኪሎ ይጭናል እያሉ ተማሪ የሚያስፈራሩም አሉ። ያ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በኮምፒውተር ሞዴል ያሰላው ነው፤ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ፍርሃት አንገትን ያደርቃል እንጂ አያድንም።

ወጌሻ ጋ ሄዶ አንገትን ማስጠምዘዝ ግን በፍጹም አልመክርም። በድንገት የሚጠመዘዝ አንገት ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊሰነጥቅ ይችላል። እጅ ወይም ጣት ከደነዘዘ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ፣ አካሄድ ከተዛባ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ከተጨመረ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከሆነ ጀሪካኑን አስቀምጦ በቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ ላለው ክሊኒኩ ክኒን ብቻ ጽፎ ሲሸኝ «ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነው፤ ካልተጠየቀ ማንም አይልክም። በፈተናው ሳምንት እኔ ጀሪካኑን ትቼ ጎማውን ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ደቂቃ እስብ ነበር። ፈተናውን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የጨረስኩት አንገቴን በእጄ ሳልደግፍ ነው።